ያልታነጸውን በር በዜማ ያቆመው ሰው

ማርች 26 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በኒውካስል ከተማ፣ በትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ብዙ ወጣቶች ተሰብስበው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) መድረኩን የያዙት ሦስት ጐልማሶች ናቸው፤ ኪት ኤመርሰን በኦርጋንና በፒያኖ፣ ግሬግ ሌክ በጊታርና በድምፅ፣ ካርል ፓልመር በከበሮ። በዕድሜ የሚበልጣቸው ኤመርሰን ገና 26 ዓመቱ ሲሆን፣ ፓልመር ደግሞ 21ኛውን ዓመት ከደፈነ ሳምንት አልሞላውም ነበር።

የሦስቱ ቡድን በየስማቸው ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር ይባላል። የሚጫወቱትም ፕሮግሬሲቭ ሮክ የተባለውን የሙዚቃ ዓይነት ነው። ይህ የሙዚቃ ዓይነት የሮክን ከበሮና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዞ፣ በርዝመቱና በአደራደሩ ግን የታላላቆቹን የኦርኬስትራ ደራስያን ፈለግ ለመከተል የተነሣ ነው። የዚያን ዕለት ማታም ወጣቶቹ ያቀረቡት በየሬዲዮው የሚሰማውን የሦስት ደቂቃ የፍቅር ዘፈን አልነበረም። ኤመርሰን ከአዳራሹ ታላቅ ኦርጋን ፊት ተቀምጦ የመክፈቻውን ዜማ ሲመታ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ አንድ ድርሰት መጀመሩ ነበር። ያም ድርሰት መቶ ዓመት ሊሞላው ሦስት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። የደረሰውም በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ያገለግል የነበረ አንድ ሩሲያዊ ነው።

ጨዋታው በዚያው ማታ ተቀርጾ በሸክላ ወጣ፤ በእንግሊዝ አገር ብዙ ከተሸጡት ሸክላዎች መካከልም ሦስተኛውን ደረጃ ያዘ። እንዴት ወጣ፣ እንዴትስ ተወደደ የሚለውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የድርሰቱ ባለቤት የሆነውን የሞዴስት ፔትሮቪች ሙሶርግስኪን ታሪክ ልናወሳ ወደድን፤ የሸክላው ታሪክ ያለ እርሱ ታሪክ ሙሉ አይሆንምና።

ከካሬቮ እስከ ክብር ዘበኛ

ሙሶርግስኪ ማርች 21 ቀን 1839 ዓ.ም. በፕስኮቭ አውራጃ ካሬቮ በተባለ የገጠር ርስት ተወለደ። አባቱ ባለ ርስትና የመኳንንት ወገን ነበር፤ የአባቱ እናት ግን ከገባር ቤት የተወለደች ሴት ነበረች። ስለዚህ በልጁ ደም ውስጥ ጌታውም ገባሩም ነበሩ ለማለት ይቻላል። ሞግዚቱ የሩሲያን የገጠር ተረት እየነገረች አሳደገችው። በተለይም በዶሮ እግር ላይ በቆመች ጎጆ ውስጥ ስለምትኖረው ስለ ጠንቋይዋ ባባ ያጋ የሚነገረው ተረት በዚያ አገር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይህችን ጎጆ አንባቢ ያስታውሳት፤ በኋላ እናገኛታለን።

ስድስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ፒያኖ ታስተምረው ጀመር። በአሥር ዓመቱ ለትምህርት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተላከ፤ በ1852 ዓ.ም. ደግሞ የክብር ዘበኛ እጩ መኰንኖች ትምህርት ቤት ገባ። በዚያው ዓመት የደረሰውን አንድ አጭር የፖልካ ዜማ አባቱ በገንዘቡ አሳተመለት። በ1856 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ጨርሶ በዝነኛው በፕሪዮብራዤንስኪ የክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር መኰንን ሆነ። በዚያን ጊዜ ልብሱ የጸዳ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ በየግብዣው ፒያኖ እየመታ ወይዛዝርቱን የሚያስደስት ወጣት ነበር።

በዚያው ዓመት በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ዘብ ሲውል ከአንድ ወጣት ሐኪም ጋራ ተዋወቀ፤ ይኸውም በኋላ በሙዚቃም በኬሚስትሪም ስመ ጥር የሆነው አሌክሳንደር ቦሮዲን ነው። ጥቂት ቆይቶም ሚሊ ባላኪሬቭ ወደሚመራው የወጣት ደራስያን ማኅበር ገባ። ማኅበርተኞቹ አምስት ነበሩ፤ ዓላማቸውም ከጀርመንና ከኢጣሊያ የተቀዳ ሳይሆን ከራሷ ከሩሲያ ዜማ የሚፈልቅ ሙዚቃ ማቆም ነበር። ከአምስቱ ቦሮዲን የኬሚስትሪ መምህር፣ ቄሣር ኪዊ የምሽግ መሐንዲስ፣ ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ የባሕር ኃይል መኰንን ነበሩ። አብዛኛዎቹ እንጀራቸውን በሌላ ሥራ እየበሉ ለሙዚቃ የሚሰጡት የተረፋቸውን ሰዓት ነበር ማለት ነው። ሙሶርግስኪም በ1858 ዓ.ም. ሰይፉን ፈትቶ፣ ከክብር ዘበኛ ተሰናብቶ ራሱን ለዜማ ሰጠ።

የመሥሪያ ቤት ሰው

በ1861 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር የሩሲያን ገባሮች ነፃ የሚያወጣውን አዋጅ አወጁ። አዋጁ ለሚሊዮኖች ብርሃን ሲሆን፣ የሙሶርግስኪን ቤተሰብ የመሰሉትን ባለ ርስቶች ግን ገቢ አሳጣቸው። ወጣቱ ደራሲ በነገሩ አላማረረም፤ ነገር ግን መብላት ስላለበት በ1863 ዓ.ም. በመገናኛ ሚኒስቴር የምሕንድስና ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠረ። ከአምስት ወጣቶች ጋራ በአንድ ቤት ደባል ሆኖ፣ ቀን በቢሮ እየዋለ፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋራ መጽሐፍ እያነበበና እየተከራከረ ይኖር ነበር። በ1865 ዓ.ም. እናቱ ስትሞት ግን ኀዘኑ በረታበት፤ በዚህም ጊዜ መጠጥ አመሉ ሆነ። በ1867 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እርሱም ከሚቀነሱት መካከል ገባ።

በ1869 ዓ.ም. በመንግሥት ንብረት ሚኒስቴር የደን ክፍል እንደገና ሥራ አገኘ። ስለ ደን የሚጻጻፈውን ወረቀት ቀን እየገለበጠ፣ በተረፈው ሰዓት ከሩሲያ ታላላቅ ኦፔራዎች አንዱ የሆነውን ቦሪስ ጎዱኖቭን ይደርስ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ የጨረሰው ከዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ታሪኩን የወሰደው ከአሌክሳንደር ፑሽኪን ድራማ ነው። ፑሽኪን ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የመጣ ሲሆን፣ በአገራችንም ብዙዎች ትውልዱን ከሐበሻ ምድር የሚቈጥሩለት ባለ ቅኔ መሆኑን አንባቢያችን ያውቃል።

የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር ቤቶች ሹማምንት በ1871 ዓ.ም. ኦፔራውን አንቀበልም አሉ። አንዱ ምክንያት በውስጡ ለዋና ሴት ዘፋኝ የሚሆን ትልቅ ክፍል አለመኖሩ ነበር። ሙሶርግስኪ ግን አኩርፎ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አልቈለፈበትም። ያን ጊዜ ከሪምስኪ ኮርሳኮቭ ጋራ አንድ ክፍል ተከራይተው በአንድ ፒያኖ ይሠሩ ነበር። ጧት እስከ ቀትር ፒያኖው የሙሶርግስኪ ነው፤ ቀትር ላይ እርሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ፒያኖውን ባልንጀራው ይረከበዋል። በዚህ ዓይነት ኦፔራውን አድሶ፣ አዲስ ትዕይንት ጨምሮ፣ በፌብሩዋሪ 1874 ዓ.ም. በማሪይንስኪ ቴአትር ለመታየት በቃ። ሕዝቡ በተለይም ተማሪው ወደደው፤ የጋዜጣ ሐያስያን ግን ደራሲው የሙዚቃን ሕግ በቅጡ ያልተማረ ነው እያሉ ነቀፉት። ከነቃፊዎቹም አንዱ የገዛ ማኅበርተኛው ኪዊ ስለ ነበር፣ ነገሩ ልቡን አቈሰለው።

የወዳጅ ሞት

ሙሶርግስኪ ቪክቶር ሃርትማን የሚባል የሥነ ሕንፃ ባለሙያና ሠዓሊ ወዳጅ ነበረው። ያስተዋወቃቸው ቭላዲሚር ስታሶቭ የተባለው የታወቀ ሐያሲ ነው። ሁለቱንም ያፈቃቀራቸው አንድ አሳብ ነበር፤ ሙሶርግስኪ በዜማ ሊያደርገው የሚፈልገውን፣ ሩሲያዊ የሆነ ነገር ከሩሲያ አፈር ማብቀልን፣ ሃርትማን በሕንፃና በሥዕል ይሞክረው ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ በመንገድ ሲሄዱ ሃርትማን ድንገት ከግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ ገረጣ፤ ትንፋሽም አጠረው። ሙሶርግስኪ ሕመሙን ቀለል አድርጎ በማየት ወዳጁን በጨዋታ አጽናንቶት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሃርትማን በ1873 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ ሞተ። ሙሶርግስኪ ለስታሶቭ በጻፈው ደብዳቤ ያን ቀን አስታውሶ፣ የሞትን ጥላ በወዳጁ ፊት ላይ እያየ ሳያስተውል በማለፉ ራሱን አጥብቆ ወቀሰ። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ፣ ከሁሉ ነገር ይልቅ ይህ ጸጸት ለድርሰቱ መወለድ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብለን አሰብን።

በ1874 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስታሶቭና ወዳጆቹ የሟቹን ሥራዎች ሰብስበው በሥነ ጥበብ አካዳሚ ከ400 በላይ የሆኑ ሥዕሎችና ንድፎች ለሕዝብ አሳዩ። ሙሶርግስኪም ሃርትማን በስጦታ የሰጠውን አውሶ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች በየሥዕሉ ፊት እየቆመ ጐበኘ። በጁን ወር ብዕሩን አነሣ፤ በሩሲያ አቆጣጠር ከወሩ 2ኛ ቀን እስከ 22ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለፒያኖ የሚሆን ድርሰት ጨረሰ። ስሙንም ከትርኢት ላይ የታዩ ሥዕሎች አለው። በሌላ ጊዜ አንድ ሥራ ለመፈጸም የሚቸገረው ይህ ሰው ይህን በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈጸመው።

በድርሰቱ ውስጥ አሥር ሥዕሎች አሉ። በሥዕሎቹ መካከል ሽርሽር የሚባል ዜማ እየተመላለሰ ይገባል፤ ይህም ከሥዕል ወደ ሥዕል የሚራመደው የሙሶርግስኪ የራሱ እርምጃ ነው። ምቱ አንድ ጊዜ አምስት፣ አንድ ጊዜ ስድስት እየሆነ ስለሚለዋወጥ፣ አንድ ወፈር ያለ ሰው እያመነታ ሲራመድ ያሳያል። ከሥዕሎቹ አንዱ ድንክ የመሰለ የለውዝ መስበሪያ ነው፤ አንዱ በበሬ የሚጐተት ከባድ ጋሪ፣ አንዱ ከቅርፊታቸው ያልወጡ ጫጩቶች ጭፈራ፣ አንዱም ሃርትማን በባባ ያጋ ጎጆ አምሳል የነደፈው ሰዓት ነው። በፓሪስ ከምድር በታች ያለውን የአፅም ዋሻ በሚያሳየው ክፍል ሲደረስ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ ከሥዕሎቹ ውጭ የነበረው የተመላላሹ ዜማ እዚህ ላይ ከሙታን ጋራ እንደሚነጋገር ሆኖ ወደ ሥዕሉ ውስጥ ይገባል። በሕይወት ያለው ወዳጅ የሞተውን ወዳጁን ሊፈልግ ወርዷል።

የመጨረሻው ሥዕል የኪየቭ ታላቅ በር ነው። በ1866 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ከግድያ ሙከራ በመዳናቸው ለመታሰቢያ በኪየቭ ከተማ በር እንዲታነጽ ታስቦ ውድድር ተደርጎ ነበር፤ ሃርትማንም ጕልላቱ የጥንት ጦረኛ ቍር የመሰለ፣ ደወል ያለው በር ነድፎ አቀረበ። በሩ ግን ሳይታነጽ ቀረ። ሙሶርግስኪ ይህን በወረቀት የቀረ በር በቤተ ክርስቲያን ዜማና በደወል ድምፅ አቆመው፤ የራሱንም የእርምጃ ዜማ ከደወሉ ጋራ አዋሕዶ በበሩ አሳለፈው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ይህን ሁሉ ሲሠራ ማንም አላጨበጨበለትም። ድርሰቱ በሕይወቱ ሳለ ሳይታተም ቀረ። ከዚያ በኋላ መጠጡ እየበረታ፣ ጤናው እየደከመ ሄደ። በ1878 ዓ.ም. ሙዚቃ የሚወድ ቴርቲ ፊሊፖቭ የተባለ ሹም ወደ መንግሥት ሒሳብ ቍጥጥር መሥሪያ ቤት አዛውሮት፣ በሚቀጥለው ዓመትም ዳርያ ሌኦኖቫ ከተባለች ዘፋኝ ጋራ ወደ ደቡብ ሄዶ ኮንሰርት እንዲያሳይ ፈቀደለት። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ከመንግሥት ሥራ ለዘለቄታው ወጣ። ወዳጆቹ ሁለት ኦፔራዎቹን እንዲፈጽም ብለው ተዋጥተው፣ አንዱ ወገን በወር 100 ሩብል፣ ሌላው ወገን 80 ሩብል ቈረጡለት። ሁለቱም ኦፔራዎች ሳይፈጸሙ ቀሩ።

በፌብሩዋሪ 1881 ዓ.ም. የሚጥል ሕመም ደጋግሞ ጣለው። ወዳጆቹ በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሊያስተኙት ፈለጉ፤ ነገር ግን እርሱ ያን ጊዜ ወታደርም የመንግሥት ሠራተኛም አልነበረም። በመጨረሻም ደጉ ሐኪም ሌቭ በርቴንሰን የራሱ አሽከር አድርጎ በመዝገብ አስገባው። የክብር ዘበኛው መኰንን፣ የቦሪስ ጎዱኖቭ ደራሲ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈው በዚህ ስም ነው። ሠዓሊው ኢሊያ ረፒን ወደ ሆስፒታሉ መጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩን ሣለው። ዛሬ በሞስኮ በትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል የሚታየው ይህ ሥዕል፣ ጠጕሩ የተበተነ፣ አፍንጫው የቀላ፣ ዓይኑ ግን ንቁ የሆነ ሰው ያሳያል። በዚያው ማርች ወር በ13ኛው ቀን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር በቦምብ ተገደሉ። ሙሶርግስኪም በ28ኛው ቀን፣ 42 ዓመት ከሞላው ከሳምንት በኋላ ዐረፈ። ንድፉን የሠራው፣ በዜማ ያቆመውና በሩ ሊታነጽላቸው የታሰቡት ንጉሥ ሦስቱም አለፉ።

ከፒተርስበርግ እስከ ኒውካስል

ድርሰቱ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1886 ዓ.ም. ነው። ያሰናዳው ያ የድሮ ደባሉ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነበር። እርሱም ስሕተት የመሰለውን በቅን ልቡና አረመ፤ በኋላ ግን ብዙዎች ስሕተት የተባለው የሙሶርግስኪ የራሱ አዲስ መንገድ መሆኑን ተረዱ። በ1922 ዓ.ም. የኦርኬስትራ መሪው ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ፈረንሳዊውን ደራሲ ሞሪስ ራቬልን ለምኖ ድርሰቱን ለኦርኬስትራ አስጻፈው፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በፓሪስ ኦፔራ ቤት ተሰማ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ውስጥ ያልተጫወተው ታላቅ ኦርኬስትራ የለም ማለት ይቻላል።

ኪት ኤመርሰንም ድርሰቱን የሰማው ከኦርኬስትራ ነበር፤ ሰምቶም የፒያኖውን ኖታ ገዛና ለጓደኞቹ አመጣ። ሦስቱ ከአሥሩ ሥዕሎች አራቱን፣ ማለትም ድንኩን፣ አሮጌውን ግንብ፣ የባባ ያጋን ጎጆና ታላቁን በር መረጡ። ሌክ የራሱን አንድ ዘፈን ጨመረበት፤ ለታላቁ በርም ቃላት ተጻፈለት። ኤመርሰን ሙግ የተባለውን በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር አዲስ መሣሪያ አስገባበት። የባባ ያጋ ጎጆ በእነርሱ እጅ ስትገባ ከዶሮ እግሯ ወርዳ በሞተር የምትበር መሰለች።

ሸክላው ሲወጣም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሮክ የሚወደው ወጣት ይህን የመሰለ ረጅም ድርሰት አይገዛም የሚል ሥጋት ነበር። በኖቬምበር 1971 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቅናሽ ዋጋ ወጣ፤ ወጣቱም ሥጋቱን ውድቅ አደረገው። በ1972 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካም ታትሞ እስከ አሥረኛው ደረጃ ደረሰ። ሊቃውንቱ የተከበረ ድርሰት አበላሹ ብለው ወጣቶቹን ነቀፉ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ በ1874 ዓ.ም. ሙሶርግስኪንም የነቀፉት በዚሁ ክስ፣ ሕግ አያውቅም በማለት ነበር። እኛ የሦስቱ ሥራ ሁሉ እንከን የለበትም አንልም፤ አንዳንዱ ቦታ ጩኸት ይበዛበታል። ሆኖም ወደ ኦርኬስትራ አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ስንት ወጣት የአንድ የደን ክፍል ጸሐፊን ዜማ የሰማው በዚህ ሸክላ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ኤመርሰንና ሌክም ሁለቱም በ2016 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሸክላው ግን ዛሬም ይሰማል።

ከዚህ ታሪክ እኛ ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች የምናገኘው ምንድን ነው? ሙሶርግስኪን በሁሉ ነገር ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም። መጠጥ በ42 ዓመቱ ቀጥፎታል፤ ሁለት ኦፔራዎችንም ከእጁ ነጥቆታል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን የቢሮ ሥራ ጊዜዬን በላብኝ እያልን በየማታው ለምናማርር ለእኛ፣ ፒያኖውን እስከ ቀትር መትቶ ቀትር ላይ ወደ ደን ክፍል የሚሄደው ሰው የሚነግረን ነገር አለው። እርሱ ሰፊ ጊዜ እስኪያገኝ አልጠበቀም፤ ሹማምንቱ ሲመልሱት አድሶ አቀረበ፤ ወዳጁ ሲሞትም በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የማይፈርስ መታሰቢያ አቆመለት።

ሃርትማን የነደፈው በር በኪየቭ አልታነጸም። ከትርኢቱ ሥዕሎችም አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በዜማ የቆመው በር ግን እነሆ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።